ባዶው መርፌ

ሲስተር የሺ ማረፋቸውን የነገረኝ ጌትነት ነው። ጌትነት የእድራችን ጸሐፊ ነው፤ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለቄሱ ይደውላል፣ ቀጥሎ ለእኔ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ በስደት አገር በማዘጋጀው የአማርኛ ሬዲዮ ዜና መጨረሻ ላይ የኀዘን መግለጫ አነባለሁ። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ሰው ይሰማል። ለዓመታት የሠራነው እንዲህ ነው።

«ኮል አድርጌልህ አላነሳህም» አለኝ።

«እየነዳሁ ነበር። ማን ነው?»

«ሲስተር የሺ። የመርፌዋ።»

መኪናውን ዳር አስይዤ ፓርክ አደረግሁና እስክሪብቶ አወጣሁ። መጥፎ ዜና ስሰማ እጄ መጀመሪያ የሚፈልገው እስክሪብቶ ነው።

«ሶ፣ እንዲህ በለው» አለ ጌትነት። «ሲስተር የሺመቤት ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…»

«ምን ሕመም?»

«እ?»

«ያደረባቸው ሕመም ምን ነበር?»

እኔ አውቀዋለሁ። የጠየቅሁት እሱ ያውቅ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

«እኔ ምን አውቄ ወንድሜ! ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ‹ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ነው የሚሉት። ባደረባቸው ሕመም በለው። ሁሉም ሰው ባደረበት ሕመም ነው የሚሞተው።»

እውነቱን ነው። ያንን ሐረግ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አስቤበት አላውቅም። ያን ቀን ግን መጻፍ አቃተኝ። ሲስተር የሺ ቢሰሙት አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ፣ «ሕመሙ ስም የለውም እንዴ?» እንደሚሉ አውቃለሁ።

«መልሼ እደውልልሃለሁ» አልኩት።

ከሳቸው ጋር ያገናኘኝ ማይግሬን ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው ያውቀዋል፤ ለሌለበት ማስረዳት ግን ያስቸግራል። መጀመሪያ ዓይኔ ጠርዝ ላይ የተሰበረ መስታወት የመሰለ ብርሃን ይመጣል። የማነበው ቃል ግማሹ ይጠፋል። ብርሃኑ ሲሄድ የራሴ ግራ ጎን ይነሣብኛል፤ ከዚያ በኋላ ማስመለስ፣ መጋረጃ ዘግቶ መተኛት ነው። ሐኪሜ ያዘዘልኝ ክኒን አንዳንዴ ይይዝልኛል፣ አንዳንዴ አይይዝልኝም። የምኖረው ብቻዬን ስለሆነ በዚያ ቀን ውሃ የሚያቀብለኝ የለም። የተሞላ ጠርሙስ ከአልጋዬ አጠገብ አይጠፋም።

ሐኪሜ አንድ ቀን «አኩፓንክቸር፣ ያ የቻይናው የመርፌ ሕክምና፣ የሚረዳቸው ሰዎች አሉ፤ መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ብትሞክረው አይከፋም» አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን ለጌትነት ነገርኩት። «ኖርዝጌት ሰፈር አንዲት ሐበሻ አሉ አይደል እንዴ፣ መርፌ የሚወጉ» አለኝ። እኔ የመሰለኝ ሌላ መርፌ ነው።

የሁላችንም ስሕተት ያ ነበር። በእኛ አገር ሰው ዘንድ መርፌ መወጋት ማለት መድኃኒት መወጋት ማለት ነው። ክኒን ሰጥቶ የሸኘ ሐኪም አላከመም ይባላል፤ መርፌ የወጋ ግን አክሟል። ስለዚህ ወደ ሲስተር የሺ የሚመጣ ሐበሻ ሁሉ ብልቃጥ እየጠበቀ ነው የሚመጣው።

ክፍላቸው ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጀርባ ነበረች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ነጠላ የለበሱ ትልቅ ሴትዮ ከውስጥ እያጉረመረሙ ወጡ። በኋላ እንዳወቅሁት እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ኤቨረት ከተማ የምትሠራ ልጃቸው ጥላቸው ሄዳ እስክትመለስ ይጠብቁ ነበር።

«አንተም ለመርፌ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«እንግዲህ ዕወቀው። ባዶውን ነው የሚወጉት።»

«ምኑን?»

«መርፌውን ነዋ! አየሁት እኮ። ብልቃጥ የለ፣ ውሃ የለ። ግንባሬ ላይ ደርድረው ጃርት ካስመሰሉኝ በኋላ ‹መድኃኒቱስ?› ብላቸው ‹የለውም› አይሉኝም! ባዶውን!»

ከውስጥ ድምፅ መጣ። «እትዬ በላይነሽ፣ መድኃኒቱን እርስዎ ይዘውት ነው የመጡት ብዬዎት የለም? እኔ መቀስቀሻውን ብቻ ነው ያለኝ።»

«ይዤው ቢሆንማ ቤቴ አልቀመጥም ነበር እንዴ!»

ሲስተር የሺ እየሳቁ ብቅ አሉ። አጠር፣ ወፈር ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው። ሁለት እጃቸውን ብርድ እንደመታው ሰው ያፋትጋሉ። ሁልጊዜ ያደርጉታል፤ ሰውን በቀዝቃዛ እጅ መንካት ነውር ነው ይላሉ። አዲስ አበባ ነርስ ሳሉ ከቻይና የመጡ ሐኪሞች ዘንድ ተመድበው ሙያውን ከነሱ ቀስመዋል። እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ ከሥራ ጎን ለጎን ተምረው ፈቃዱን አወጡ። ባልም ልጅም አልነበራቸውም። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በኋላ ነው። ያን ቀን አልጋው ላይ አስቀምጠው የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እጃቸውን ማፋተግ አቆሙ። «ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ? ባቡር ተሳፍረህ ደህና ነኝ ልትለኝ?»

«ማለቴ… ራሴን ያመኛል።»

«ያማልማ። እንዴት አድርጎ ነው የሚያምህ? እንደ መጥረቢያ ይፈልጥሃል? ወይስ ወፍጮ እንደሚወቅር ሰው ቀስ እያለ ይወቅርሃል? እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝርሃል? ወይስ መግል እንደያዘ ጣት ይጠዘጥዝሃል?»

ጊዜ ወስጄ አሰብኩ። «ይጠዘጥዘኛል።»

«ጎሽ! አሁን ተገናኘን።»

መርፌዎቹ ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም። አንዱን በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መካከል፣ ሌላውን ከማጅራቴ በላይ፣ ሌላውን ጆሮ ግንዴ ላይ፣ ሌላውን እግሬ ላይ ከትልቁ ጣት አጠገብ ሰኩ። «ሲደርስ ንገረኝ» አሉ። «ምኑ ሲደርስ?» ብላቸው «ሲደርስ ታውቀዋለህ» አሉኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ የትንኝ ንክሻ ያህል ነው። በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ሲያሾሩት ግን እጄ ውስጥ እርሳስ የፈሰሰ መሰለኝ።

«ከበደኝ።»

«አዎ። ደርሷል።»

መብራቱን ቀነሱና ጥግ ካለች ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንደሰማሁት ሌሎች ባለሙያዎች በሽተኛውን አስተኝተው ይወጣሉ፤ ሌላ ክፍል ሌላ ሰው ይጠብቃቸዋል። እሳቸው አይወጡም።

«ሥራ ካለዎት እኔ እተኛለሁ» አልኳቸው።

«ሥራዬ ይሄ ነው። መርፌ ይዞ የተኛ ሰው ብቻውን አይተውም። ቢያስነጥስህስ?»

ሳቄ መጣ። «አትሳቅ!» አሉ። «ይነቀላል!»

ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦልኝ ዓይኔን ከጨፈንኩ ረጅም ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ሌላ ድምፅ የለም።

በየሳምንቱ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን እንደተለመደው «እህስ?» ሲሉኝ «አልሠራም ሲስተር» አልኳቸው። «ማክሰኞ መጣብኝ። እንደ ወትሮው ነው፣ ምንም አልቀነሰም።»

ይከፋቸዋል ብዬ ነበር። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡኝ።

«እስቲ ድገምልኝ።»

«አልሠራም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ፣ ስጦታ እንደተቀበለ ሰው ጎንበስ ብለው። «ስማኝ ጋዜጠኛው። የኛ ሰው ይዋሸኛል። ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ‹ሲስተር ይህን ያህል ደክመውልኝ አልተሻለኝም ብዬ እንዴት አሳዝናቸዋለሁ› ይላል። ‹ድኛለሁ፣ እጅዎን ይባርከው› ብሎኝ ይሄድና ቤቱ ራሱን በሻሽ አስሮ ይተኛል። ታዲያ እኔ እጄ ይሥራ አይሥራ በምን ልወቅ? መርፌ ይጠይቃል እንጂ አይመልስም። የሚመልሰው ሰውየው ነው። ሰውየው ከዋሸኝ በጨለማ ነው የምወጋው።»

«የእኔም ሥራ እንደዚያው ነው» አልኳቸው።

«ለዚህ ነው የማልለቅህ። አንድ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አግኝቻለሁ።»

የሚፈልጉት ያንን ብቻ ነበር። ሙገሳ ሲነገራቸው ፊታቸው አይፈታም። ‹ትናንት አላስተኛኝም› ሲባሉ ግን ይነቃሉ፤ መርፌውን የት እንደሚለውጡ እያሰቡ ጣታቸውን በአየር ላይ ያንቀሳቅሳሉ።

እትዬ በላይነሽም ባዶ መርፌውን እየተራገሙ መምጣታቸውን አልተውም። ዳቦ ይዘው ይመጣሉ። «እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን፣ እጅዎ መድኃኒት ነው» ይላሉ። ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት ቀሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ ልጃቸው ብቻዋን መጣች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ አልተቀመጠችም።

«ሲስተር፣ የማሚ አንድ ዓይን አያይም።»

ሲስተር የሺ በሩን ይዘው ቆሙ።

ልጅቱ የሐኪሙን ቃል እንደሰማችው ነገረችን። የእትዬ በላይነሽ የራስ ሕመም ማይግሬን አልነበረም። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ያለው የደም ሥር አብጦ ወደ ዓይናቸው የሚሄደውን ደም ዘግቷል። ቶሎ ቢታወቅ ኖሮ መድኃኒት ነበረው። የቀረው ዓይን ግን ተርፏል።

«ማበጠሪያ ሲነካት ትጮህ ነበር» አለች። «ስታኝክ መንጋጋዋን ያማት ነበር። ለኔም ደህና ነኝ ነው ያለችኝ።»

«እኔ በየሳምንቱ እጠይቃቸው ነበር» አሉ ሲስተር የሺ። «በየሳምንቱ! ያንን ቢነግሩኝ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት እልካቸው ነበር። መርፌ የማይገባበት ሕመም እንዳለ አውቃለሁ እኮ።»

ያን ቀን ማንንም አልወጉም። እኔንም «ዛሬ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሂድ» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ እዚህ ክፍል ውስጥ «ደህና ነኝ» ማለት ክልክል ነው።

ሰው ሳቀ። ፎቶ ያነሣውም አለ። ቆየት ብሎ እትዬ በላይነሽ ጥቁር መነጽር አድርገው መጡ፤ ሊወጉ ሳይሆን ሊጠይቋቸው ነው። ሲስተር የሺ እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸውና «እንዴት ነዎት?» አሏቸው።

«ደህ…» አሉ እትዬ በላይነሽ፤ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ደህና አይደለሁም። ይኸው አልኩዎት። ደስ አለዎት?»

«አለኝ» አሉ ሲስተር የሺ። እያለቀሱ ነበር።

የእኔን ነገር በተመለከተ የማውቀውን ብቻ ልናገር። ማይግሬኑ አልጠፋም። እየራቀ ሄደ፤ ሲመጣም የበፊቱን ያህል አልጋ ላይ አያውለኝም። መርፌው ይሁን፣ እንቅልፌ መስተካከሉ ይሁን፣ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ እውነቱን እንድነግረው የሚጠብቀኝ ሰው ማግኘቴ ይሁን መለየት አልችልም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ከዚህ በላይ ልጽፍ አልችልም» አልኳቸው። «እሱ ይበቃኛል» አሉኝ።

እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲያበዛ ክፍሏን ዘጉ። «መርፌ የያዘ እጅ አይጠራጠርም» አሉና በቃ። ሊንውድ ካለው አፓርታማቸው እምብዛም አይወጡም ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውልላቸዋለሁ።

«እንዴት ነዎት ሲስተር?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ክልክል አይደለም እንዴ?»

«ክልክሉ በክፍሉ ነው። ክፍሉን ዘግቻለሁ።»

ሰው ከሙያው ጋር አብሮ የሚዘጋው በር እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። ሌላውን ሰው ‹ንገረኝ› የሚሉበት ወንበር ነበራቸው፤ እሳቸው የሚነግሩበት ወንበር ግን አልነበራቸውም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው የባቡሩ መስመር እስከ ሊንውድ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ቀኑ ደመና ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይሠራል። ከስተዋል። ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠው፣ ሻይ ላፈላ ስነሣ በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ሻይ ተወው። ዛሬ አንተ ጠይቀኝ።»

«ምን ልጠይቅዎት?»

«እኔ እጠይቅህ እንደነበረው ነዋ። ክፍሉ እዚህ ነው በል።»

ወንበሬን አቀረብኩ። «እንዴት ነዎት?»

«ደህና አይደለሁም።» ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ አዲስ ቋንቋ እንደሚለማመድ ሰው።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ልቤን። ሐኪሙ የልብ ድካም ነው ብሎኛል። ግን እሱን አይደለም የምልህ። እሱ ክኒን አለው።»

«ይፈልጥዎታል?»

«አይፈልጠኝም።»

«ይወቅርዎታል?»

«አይ።»

«ይጠዘጥዝዎታል?»

ፈገግ አሉ። «ያ ያንተ ነው።»

ሰው ለመናገር ቃል ሲፈልግ ጠያቂው መጣደፍ የለበትም።

እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡና ወደ ምግብ ጠረጴዛው ጠቆሙ። ከማዶ አንድ ወንበር አለ፤ የተገዛ ቀን እንደተቀመጠ ነው፣ መደገፊያው ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተነሣም።

«ምሳ ስበላ ያንን አያለሁ» አሉ። «ሄዶ የቀረ ሰው ቢኖርበት ናፍቆት ነው እለው ነበር። ማንም አልነበረበትም እኮ። ምን ብዬ ልጥራው? ባዶው ነው የሚወጋኝ።»

ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። አፋቸውን ያዙና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ወይ እትዬ በላይነሽ! ባዶ ምን ይወጋል ብዬ ስስቅባቸው! ይወጋል እንጂ።»

ተነሥቼ ጠረጴዛው ማዶ ሄድኩ፣ ላስቲኩን ቀደድኩና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው «ሥራ የለህም?» አሉኝ።

«ሥራዬ ይሄ ነው። ቢያስነጥስዎትስ?»

«አታስቀኝ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። ትንፋሻቸው እስኪረጋ ተቀምጬ አዳመጥኩ። መስኮቱ ውጪ ባቡር ሲያልፍ ወንበሩ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለጌትነት መልሼ ደወልኩና የጻፍኩትን አነበብኩለት። «ሲስተር የሺመቤት በልብ ድካም ሕመም ሊንውድ በሚገኘው ቤታቸው ብቻቸውን ሳሉ ዐርፈዋል» የሚለው ጋ ስደርስ አቆመኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ‹ብቻቸውን› የምትለውን አውጣት በናትህ። ሰው ምን ይላል? እድሩ የት ነበር አይሉም?»

«ሊሉ ይችላሉ።»

«ታዲያ?»

«ውሸት ነው?»

ዐርፈው ያገኟቸው የሕንጻው ኃላፊ ናቸው፤ ካናዳ ያለች የእህታቸው ልጅ ደውላ ስልክ ባይነሣላት በሩን አስከፍታ። ይህንንም የነገረኝ ራሱ ጌትነት ነው።

«ውሸትስ አይደለም» አለ።

«እንግዲያው ይነበባል።»

ቅዳሜ ሳልጨምር ሳልቀንስ አነበብኩት። ከስቱዲዮው ስወጣ ስልኬ ጮኸ። ጌትነት ነው። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ሰማሁት» አለኝ። «ኦኬ። አንተስ ለመሆኑ እንዴት ነህ?»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተመስገኑም ከኋላው ተሰልፏል። ዋጥኩት።

«ደህና አይደለሁም ጌትነት።»

ስልኩን አልዘጋውም፤ ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር።